ፈጣን ታኮ፦ ከመስኮቱ እስከ ፓርኪንጉ

እናቴ ስልክ ደውላ «ማታ ምን በላህ?» አለችኝ። «ታኮ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የጫማ?» አለች።

አልተሳሳተችም። እኛ ዘንድ ታኮ ሲባል የጫማ ተረከዝ ነው፣ ከጣልያን የወረስነው ቃል። ይኼኛው ታኮ ግን የሜክሲኮ ነው። ቶርቲላ የሚሉት ስስ የበቆሎ ቂጣ ታጥፎ ሥጋና ሰላጣ ይጨመርበታል። ይህንኑ አስረዳኋት። «ታዲያ ሳንድዊች ቢሉት ምን ነበረበት» ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው የማመላልስ ሹፌር ነኝ። የምሠራው ማታ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ዘግተዋል፣ ሚስቴ ተኝታለች፣ ሆዴ ግን ነቅቷል። ክፍት ሆኖ የሚጠብቀኝ ከመኪና ሳይወርዱ የሚታዘዝበት የድራይቭ ስሩ መስኮት ነው። ምርጫው ከሀምበርገርና ከታኮ አንዱ ነው። ሀምበርገር መሪ ላይ እንቅልፍ ያመጣብኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስምንት ዓመት ሙሉ ታኮ በላሁ። አንድ ቤት መርጬ ልመዝን አልችልም፣ ሁሉንም ተመላልሼባቸዋለሁ። የምጽፈው ስለ ታኮው ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የፈጣን ምግብ ቤት ታኮ ዕድሜው አምስት ደቂቃ ነው። በጣም ብትለምኑት ስምንት። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከበላችሁት በአሜሪካ መንገድ ዳር በሁለት ዶላር ገደማ የሚገኝ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ያው ታኮ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ሥጋ ሆኖ ሳለ አፍ ውስጥ ካርቶን ይሆናል። ታኮን የሚያሞግሱትም የሚያንቋሽሹትም እውነታቸውን ነው የሚመስለኝ። የበሉበት ደቂቃ ነው የተለያየው።

ደህናው ጊዜ እንዲህ ነው። ከመስኮቱ እቀበላለሁ። መንገድ ላይ አልወጣም። እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ መብራት ሥር አቆማለሁ፣ ሞተር አጠፋለሁ፣ ወረቀቱን ጭኔ ላይ እዘረጋለሁ። ቅርፊቱ፣ ታጥፎ የተጠበሰው ደረቅ ቶርቲላ ማለቴ ነው፣ ገና ሙቅ ነው። የመጀመሪያው ንክሻ ኩርሽም ይላል፣ ጆሮዬ ድረስ ይሰማኛል። ሥጋው ይፋጃል፣ ሰላጣው ቀዝቃዛ ነው፣ የተፈቀፈቀው አይብ ልቅለጥ አልቅለጥ እያለ ያመነታል። ሙቁና ቀዝቃዛው፣ ደረቁና እርጥቡ አንድ ላይ አፍ ውስጥ ይገባሉ። ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጌ ነው የምበላው። ታኮ ቀጥ ብለው ከበሉት ከጀርባው ይፈስሳል። ማታ ማታ አንገቱ የተጣመመ ሰው መኪና ውስጥ ካያችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ።

ክፉው ጊዜስ? ቅርፊቱ ኩርሽም የሚለው ሲጠበስ ውሃው ስለወጣለት ነው። ሥጋው ግን ቅባትም ውሃም አለው። ገና ሲገባ ወደ ታች ወደ እጥፋቱ ይወርዳል። ከላይ ደግሞ ወረቀት ተጠቅልሏል። እንፋሎቱ መውጫ የለውም፣ ተመልሶ ቅርፊቱ ላይ ያርፋል። ጎኖቹ እንደ ላስቲክ ይለመጣሉ፣ ሆዱ ይረጥባል። ከዚያ አንድ ንክሻ፣ እጥፋቱ ይቀደዳል፣ ሥጋው ሱሪ ላይ ነው። ሰላጣውም ጠውልጎ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። የጠወለገ ሰላጣ ከበላሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ታኮ አልቀምስም። ስምንተኛው ቀን ላይ እመለሳለሁ።

ድርቆሽ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። እናቴም ወዲያው ነው የገባት። ባለፈው ዓመት ልትጠይቀን መጥታ አንድ ማታ ከአየር ማረፊያ መንገድ አብረን ስንመለስ ወደ አንዱ መስኮት አስገባኋት። ማዘዣው ሳጥን ጋ ቆሜ ስናገር «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። «ከውስጥ ካሉት ጋር ነው እማዬ» አልኳት። «ታዲያ ወርደህ ሰላም አትላቸውም?»

ፓርኪንግ ውስጥ አቁመን አንዱን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። ጫፉን ቆርሳ ቀመሰች። «ድርቆሽ ነው እንዴ?» አለች። ነገሩ ደስ አላት። ሁለተኛውን ንክሻ ግን ለራሷ አላደረገችውም። የታኮውን ጫፍ በሦስት ጣቷ ይዛ ወደ አፌ ዘረጋች፣ ጉርሻ መሆኑ ነው። ቅርፊቱ በአየር ላይ ቀጭ አለና ሥጋው የማርሽ ማንሻው ሥር ገባ። ሽታው ለአራት ቀን አልለቀቀኝም፣ ተሳፋሪዎች መስኮት ይከፍቱ ነበር። እናቴ እጇን በናፕኪን እየጠረገች «ይኼ ምግብ ብቻውን ለሚበላ ሰው የተሠራ ነው» አለች። ጠንካራውን ታኮ ከዚህ በላይ የገለጸልኝ ሰው የለም።

ጠንካራው ቅርፊት ከየት እንደመጣ ካነሳን ጥቂት ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ ሳን በርናርዲኖ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ሚትላ ካፌ የሚባል የሜክሲኮ ቤተሰብ ምግብ ቤት ከ1937 ጀምሮ አለ። ከመንገዱ ማዶ ግሌን ቤል የሚባል ሰው ሆት ዶግና ሀምበርገር ይሸጥ ነበር። ሰው ሚትላ ደጃፍ ላይ ለታኮ ሲሰለፍ ያያል። እየሄደ ይበላ ጀመር፣ አሠራሩንም ተማረ። ከዚያ በራሱ መስኮት ታኮ በ19 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። በ1962 ዳውኒ በምትባለው ከተማ የመጀመሪያውን ታኮ ቤል ከፈተ። «ቤል» የሰውየው ስም ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ደወል ማለት ስለሆነ እኔ ለረጅም ጊዜ ምልክታቸው ላይ ያለውን ደወል ብቻ ነበር የማየው።

የሰውየው ዋና ዘዴ ቅርፊቱን አስቀድሞ አጥፎ መጥበስ ነበር። ቶርቲላ አንድ በአንድ እየጠበሱ በእጅ ማጠፍ ጊዜ ይፈጃል። ተጣጥፎ የተጠበሰ ቅርፊት ተደርድሮ ከጠበቀ ግን ታኮ መሥራት ሰከንዶች ነው። ይህም ቢሆን የእሱ ብቻ ሐሳብ አልነበረም። ሁቬንሲዮ ማልዶናዶ የሚባል የሜክሲኮ ተወላጅ ኒው ዮርክ ውስጥ የታኮ መጥበሻ ቅርጽ ሠርቶ በ1950 ፓተንት አግኝቶበታል። የዳውኒዋ የመጀመሪያ ቤት ደግሞ ከአንድ ክፍል ብዙም የማትበልጥ ነበረች። በ2015 በትልቅ መኪና ተጭና አርቫይን ወዳለው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ተወስዳለች።

ሚትላ ዛሬም አለ። ተሳፋሪ ሳን በርናርዲኖ አድርሼ ስመለስ ገብቼ በልቻለሁ። ቅርፊቱ እዚያው ነው የሚጠበሰው። አንዳንድ ቦታ ፊኛ ሠርቶ ተነፍቷል፣ ውፍረቱም እኩል አይደለም። በሰሃን ነው የሚመጣው፣ ማንም አይጠቀልለውም። አምስት ደቂቃው እዚያ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ያን ቀን የፋብሪካው ቅርፊት ችግር በቆሎው ሳይሆን ወረቀቱ እንደሆነ ጠረጠርኩ።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። አንድ ጓደኛዬ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ይሠራል፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እሱ ባለበት ቤት የተፈጨው ሥጋ በስሎ በላስቲክ ከረጢት ይመጣል። በሙቅ ውሃ ይሞቃል። ቦሎቄው ደርቆ ይመጣል፣ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ያብጣል። ይህንን ሲነግረኝ የምደነግጥ መስሎት ነበር። ምን ያስደነግጠኛል? የእኛ ሽሮስ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በከረጢት አይደል አውሮፕላን የሚሳፈረው? ሥጋው ውስጥ አጃ እንዳለበትም ይታወቃል። በ2011 ስለዚሁ ሥጋ ታኮ ቤል ተከስሶ ነበር። ኩባንያው 88 በመቶው የበሬ ሥጋ ነው፣ ቀሪው 12 በመቶ ውሃ፣ ቅመም፣ አጃና የመሳሰለው ነው ብሎ በይፋ ተናገረ። ክሱም በዚያው ዓመት ተነሳ። አጃው ባይኖር ሥጋው እንዲያ አይያያዝም። ማንኪያው ጋ ሲታይ ምንቸት አብሽ ይመስላል፣ ቅቤና አብሽ የቀሩበት ምንቸት አብሽ።

ጓደኛዬ የነገረኝ ትልቁ ምሥጢር ግን ሰዓቱ ነው። «ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አትምጣ» አለኝ። የምሳ ሰው ሄዷል፣ የእራት ሰው አልመጣም። ሁሉም ነገር ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቅህ። ምሳ ሰዓት ላይ ወይም ሌሊት መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ ና። ያኔ ቅርፊቱ ከማሞቂያው ወጥቶ አይቆምም። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ሥጋ ቤት ስንመርጥ የሚንጋጋውን ሰው አይተን ነው የምንገባው። የመኪና ሰልፍ የሌለበት የታኮ መስኮት እኔን ያስፈራኛል።

ሌላም ዓይነት አለ፣ ጃክ ኢን ዘ ቦክስ የሚሸጠው። ይህ ቤት በ1951 ሳን ዲየጎ ውስጥ የተከፈተ ሀምበርገር ቤት ነው፣ ታኮ ግን ከጥንት ጀምሮ ይሸጣል። በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር። ታኮው ሥጋው ውስጡ እንዳለ በበረዶ ይመጣል። እንዳለ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ከዚያ አፉ ይከፈትና አንድ ቁራጭ ቢጫ አይብ፣ ሰላጣና ሶስ ይገባበታል። ጠርዙ ደረቅ ነው፣ መሃሉ ግን በሥጋው ቅባት ርሶ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ የበላሁት ቀን ተበላሽቶ የመጣ መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ እንዲያ ነው። የሳምቡሳ ዘመድ ነው ብዬ ካሰብኩት በኋላ ወደድኩት። ከታኮ ጋር ካወዳደራችሁት ግን ታዝናላችሁ። ሁለቱ በ99 ሳንቲም የሚሸጡበት ዘመን ረጅም ነበር። ዛሬ በዚያ ዋጋ የለም።

ደግሞ ዴል ታኮ አለ፣ በ1964 ዬርሞ የምትባል የበረሃ መንደር ውስጥ የተጀመረ። ወደ ላስ ቬጋስ በሚወስደው መንገድ ናት። እዚያ አይቡን ከትልቁ ጥፍጥፍ እዚያው ይፈቀፍቁታል። ልዩነቱ ይታወቃል። ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚመጣው አይብ እንዳይጣበቅ ዱቄት ነገር ስለሚነሰነስበት ቶሎ አይቀልጥም። አዲስ የተፈቀፈቀው ሥጋው ላይ ሲያርፍ ይለሰልሳል። ታኮና ድንች ጥብስ በአንድ ከረጢት የሚሸጡ መሆኑም ለልጄ ተመችቷታል።

የዶሪቶስ ቅርፊት ያለውን ታኮ ሳላነሳ ብቀር ልጄ ታኮርፈኛለች። በ2012 ነው የወጣው። ቅርፊቱ ከዚያ ብርቱካናማ ቺፕስ የተሠራ ነው፣ ዱቄቱ ሳይቀር። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ የሰው ልጅ ከሠራው ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው ትላለች። እኔ እስከ ሦስተኛው ንክሻ እስማማለሁ። ከአራተኛው በኋላ ጨው ብቻ ነው። ጣቴ ብርቱካናማ፣ መሪው ብርቱካናማ፣ የተሳፋሪው በር እጀታ ብርቱካናማ። አንዲት ነጭ ልብስ የለበሰች ተሳፋሪ ሰርግ ልትሄድ ስትገባ ልቤ እንዴት እንደመታ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሶስን በተመለከተ ሐበሻ ሁሉ የሚስማማ ይመስለኛል። «ፋየር» ብለው የጻፉበት ፓኬት እሳት የለውም። ከ2015 ወዲህ «ዲያብሎ» የሚሉት መጣ፣ ሰይጣን ማለት ነው። ደህና ነው፣ ትንሽ ይሞክራል። እኔ ግን ዳሽቦርድ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ ሚጥሚጣ አለኝ። አይቡ ላይ ቆንጠር አድርጌ እነሰንሳለሁ። አይብና ሚጥሚጣ ድሮም ይተዋወቃሉ፣ ክትፎ ላይ። በተለይ እርጎ መሰሉ ሳወር ክሪም ያለበት ታኮ ላይ ሲወድቅ ሌላ ነው። አንዴ ፖሊስ አስቁሞኝ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ጠርሙሱን አየ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅመም ነው አልኩት። ከፍቶ አሸተተ። ሁለት ጊዜ አስነጥሶ አሰናበተኝ። እናቴ በበኩሏ ሚጥሚጣው እያለ ፓኬቶቹን እየሰበሰበች በቦርሳዋ ወደ አዲስ አበባ ይዛ ሄደች። ነፃ መሆናቸውን ማመን አልቻለችም።

አሁን ወደ ጾሙ። ብዙ የሐበሻ ሹፌር ስለዚህ ነው የሚጠይቀኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም ሁዳዴ 55 ቀን፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም። በአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤት ይህ ማለት ድንች ጥብስና ውሃ ማለት ነው። ታኮ ቤል ግን ያወጣችኋል። ሥጋውን በቦሎቄ ቀይሩልኝ ይባላል፣ ተጨማሪ ክፍያ ብዙ ጊዜ የለውም። ከዚያ «ፍሬስኮ» ይባላል። አይቡ፣ ክሬሙና ወተት ያለበት ሶስ ሁሉ ወጥቶ ቲማቲም ይገባል ማለት ነው። ቦሎቄው የእንስሳ ስብ የለበትም፣ የአሜሪካ ቬጀቴሪያን ማኅበር ማረጋገጫ ያለው ነው። ይህንን የምለው ምክንያት አለኝ። በሜክሲኮ አሠራር ታሽቶ የሚጠበሰው ቦሎቄ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው። ጋሪ ላይም ሆነ ሰፈር ውስጥ ባለ ቤት ስታዝዙ «ማንቴካ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቃሏን ያዟት። ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ትጠቅማለች።

የቦሎቄ ታኮ ጣዕሙ እንዴት ነው? ከጠበቅሁት በላይ ነው። ቦሎቄው እንደ ሥጋው አይፈስስም፣ ስለዚህ እጥፋቱ ቶሎ አይቀደድም። አምስት ደቂቃው ሰባት ይሆናል። ሚጥሚጣ ሲጨመርበት ሽሮ ፈሰስ የተቀባ ድርቆሽ ነው። ሁዳዴ ላይ ሁለት በልቼ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሳልዝል ነድቻለሁ።

ክፉ ትዝታም አለኝ። አንድ የሁዳዴ ዓርብ፣ የቤቱን ስም ልተወው፣ ቦሎቄ አዝዤ ደረሰኙም ላይ ቦሎቄ ተብሎ ተጽፎ ሁለተኛው ንክሻ ላይ ሥጋ አገኘሁ። ጨለማ ነበር። መጀመሪያ የቦሎቄው ቅርፊት መሰለኝ። መብራት አበራሁ። ሥጋ ነው። በሩን ከፍቼ ተፋሁት። ተመልሼ ስሄድ ልጅቷ በጣም ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ቀይራም ሁለት ጨመረችልኝ። ምን እንደሆነ ልነግራት ፈለግሁ፣ እንግሊዝኛዬ ግን ለሁዳዴ አልበቃ አለ። «ሃይማኖት ነው» አልኳት ብቻ። ነገሩን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ ሳል ሳሉ። «ልጄ፣ ሌላ ጊዜ መብራት እያበራህ ብላ» አሉኝ።

የዓሣ ታኮም አለ። ሩቢዮስ በ1983 ሳን ዲየጎ ውስጥ ከፍቶ ያስለመደው ነው። በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሎሚ፣ ነጭ ሶስ፣ በለስላሳ የበቆሎ ቶርቲላ። ከሁሉም ታኮ በጣዕም አስቀድመዋለሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም፣ በዚህ ጉዳይ የተኮራረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ዓሣውን ብትፈቅዱት እንኳ ነጩ ሶስ ወተትና እንቁላል አለበት፣ እሱን አስወጡት። ያለ ሶሱ ደግሞ ግማሽ ደስታው ሄዷል።

ማክሰኞ ማክሰኞ አሜሪካ ታኮ ትበላለች። «ታኮ ቱዝዴይ» የሚለው አባባል ታኮ ጆንስ የሚባል የሌላ ታኮ ቤት የንግድ ምልክት ሆኖ ከ1989 ጀምሮ ተመዝግቦ ነበር። በ2023 ታኮ ቤል ይሰረዝ ብሎ አመለከተ፣ ታኮ ጆንስም ከመከራከር መተውን መረጠ። ለእኔ ቀኑ ልክ ነው። ማክሰኞ ሥጋ፣ ረቡዕ ቦሎቄ። ቀኑን የመረጠው ሰው ኦርቶዶክስ ሳይሆን አይቀርም።

ታኮ ቤል ሜክሲኮ ውስጥ ሊሸጥም ሞክሮ ነበር፣ በ1992፣ ከዚያም በ2007። ሁለተኛውም በ2010 ተዘጋ። ለቀባሪው አረዱት ይሏችኋል ይህ ነው። የሜክሲኮ ተሳፋሪዎቼም ስለዚህ ታኮ ስጠይቃቸው አይቆጡም። «እሱ ሌላ ምግብ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሎስ አንጀለስ መንገድ ዳር ያለውን የታኮ ጋሪ ያየ ሰው ይገባዋል። ሥጋው እንደ ሻዋርማ በቆመ ብረት ላይ ይዞራል። ምክንያቱም ከሻዋርማ ነው የመጣው፣ ከሊባኖስ አካባቢ የሄዱ ስደተኞች ናቸው ወደ ሜክሲኮ ያስገቡት። ሁለት ትንንሽ ቶርቲላ ተደራርቦ፣ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ። አይብም ሰላጣም የለም። ከመስኮቱም ይፈጥናል፣ እውነቴን ነው። ለምን ታዲያ እዚያ ብቻ አልበላም? ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መኪና የማቆምበት የለኝማ። ቅጣቱ ከሃያ ታኮ ይበልጣል።

ዋጋውን ላንሳና ልለፍ። ካሊፎርኒያ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ የትልልቅ ፈጣን ምግብ ቤቶችን ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 20 ዶላር አድርጋለች። ለጓደኛዬ ደስ ብሎኛል፣ ለታኮዬ ግን ዋጋው ወጣ። እኔ ሰፈር አንዱ ተራ ታኮ 2 ዶላር አልፏል። ሦስት ካልሆነ አይጠግብም። አንዱ 170 ካሎሪ ነው፣ ሦስቱ 510። ለአንድ እራት አይከፋም፣ ኮካ ኮላው ነው የሚያበላሸው። ነፃ ታኮም አለ፣ ታሪኩ ከቤዝቦል ጋር ነው። ከ2007 ወዲህ በብዙዎቹ ዓመታት በፍጻሜ ጨዋታዎች አንድ ተጫዋች ቤዝ ከሰረቀ፣ ኳስ ሳይመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ከደረሰ ማለት ነው፣ ታኮ ቤል ለሕዝቡ አንድ ታኮ በነፃ ሰጥቷል። ከቤዝቦል የማውቀው ሕግ ይኼው ብቻ ነው። ጨዋታው ሲተላለፍ ሬዲዮ ከፍቼ «ስረቅ! ስረቅ!» ስል ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ምን ያስብ ይሆን?

ከሁሉም የሚከፋው ታኮ ግን ቤት ድረስ የሚላክ ታኮ ነው። አንድ እሑድ ደክሞኝ በስልክ አፕ አዘዝኩ። ስድስት አዝዤ አምስት መጣ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ። ላስቲክ ውስጥ ወረቀት፣ ወረቀት ውስጥ ወረቀት፣ እንደ መድኃኒት ታሽጎ። ስፈታው አንዱም ቅርጹን አልያዘም። የአመላላሹንም የምግብ ቤቱንም ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ታኮ እንደማይጓዝ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ተሳፋሪ በደቂቃ የማደርስ ሹፌር ሆኜ ይህን ነገር አርባ ደቂቃ አስጓዝኩት።

ልጄ ልታለቅስ ደረሰች። ሚስቴ ከተኛችበት ሶፋ ተነስታ አምስቱን ታኮ አየቻቸው። «አንተ፣ ይኼን ገንዘብ ከፍለህበት ነው?» አለችኝ። ምንም አልመለስኩም። የጠወለገውን ሰላጣ ለቅማ ጣለችው። ጎድጓዳ ሳህን አወጣች። የረጠበውን ቅርፊት በእጇ ፈረፈረችው፣ ሥጋውን መጥበሻ ላይ አሞቀች፣ ትንሽ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል አደረገች፣ ከትናንት የተረፈ አንድ ማንኪያ ቁሌት ጨመረች። ቅርፊቱን ገለበጠችበትና አማሰለችው። አይቡ ከሁሉም ጋር ተያያዘ። ሦስታችንም ከአንድ ሳህን በላን፣ በማንኪያ። ልጄ ስሙ ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ፍርፍር ነው» አለቻት እናቷ። «የጫማ ፍርፍር።»